መንገድ የሚሻገረው ጥላ

እኛ አርክቴክቶች ሕንፃ ከመንደፋችን በፊት አካባቢውን «እናነባለን»። እንዲህ ነው የምንለው። ሌላው ሰው ጋዜጣ ያነባል፤ እኛ ደግሞ መንገድ እናነባለን፣ ነፋስ እናነባለን፣ የሰፈሩን መንፈስ እናነባለን። አንብበን ስንጨርስ ሕንፃችን ለአካባቢው «ምላሽ ይሰጣል» ብለን እንጽፋለን። አካባቢው ምን ጠይቆ እንደነበር የሚነግራችሁ አርክቴክት ካገኛችሁ እባካችሁ እኔንም አስተዋውቁኝ። እኔ በበኩሌ አንድ ሰፈር ሙሉ አንብቤ፣ ንድፌን ጨርሼ፣ ለማስጸደቅ አራት ቀን ሲቀረኝ ነው ፊደሉን እንኳ እንዳልቆጠርኩ የተነገረኝ። የነገረችኝም ሻይ ሻጭ ናት።

ነገሩ የሆነው እዚሁ ጅቡቲ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣሁት አንድ አነስተኛ የንድፍ ቢሮ ቀጥሮኝ ነው። አለቃዬ ሙሴ ዳሂር ይባላሉ፤ ስድሳ ያለፋቸው የከተማው ተወላጅ ናቸው። ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፤ ፈረንሳይኛቸውም እንደዚያው። ሲቆጡ አይጮሁም፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ሰው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ መፍራት የተማርኩት እሳቸው ዘንድ ነው።

የመጀመሪያ ሥራ ብለው የሰጡኝ በካርቲዬ ሁለት የሚሠራ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ነበር። እዚህ የድሮዎቹ ሰፈሮች ቁጥር እንጂ ስም የላቸውም፤ ካርቲዬ አንድ፣ ካርቲዬ ሁለት እያሉ ይቀጥላሉ። እንደኔ የቦታ ስም ለማይያዝለት ሰው ግሩም ዘዴ ነው ብዬ ነበር፤ ለካ ቁጥርም አይያዝልኝም። ቦታው ላይ የቆመው የአንድ ፈራርሶ ያለቀ መጋዘን የመንገድ ዳር ግድግዳ ብቻ ነው፤ ረጅም፣ ከፍ ያለ፣ ቀለሙ የተላላጠ። ማስታወሻዬን ይዤ ላነበው ሄድኩ። በስንት ሰዓት? ጠዋት ሦስት ሰዓት ነዋ፣ በሥራ ሰዓት። ሦስት ቀን ተመላልሼ ያየሁት ፀሐይ የሚጠብሰው ባዶ መንገድ፣ አንድ ድመትና ያንኑ ግድግዳ ነው። ማስታወሻዬ ላይም «ጸጥ ያለ ሰፈር ነው፤ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ቦታ ይጎድለዋል፤ ግድግዳው ይፍረስ» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ የአዲስ አበባ ልጅነቴ ተነሣብኝ። እኛ ዘንድ ሰው ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል። የቢሮ ሠራተኛውም «መጣሁ» ብሎ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። ክረምቱ ሲወጣማ ጥሩ ፀሐይ ያገኘ ሰው የተሾመ ይመስለዋል። ስለዚህ ሕንፃዬን ከመንገዱ ሃያ ሜትር ወደ ኋላ ገፋሁት፤ ፊት ለፊቱን በመስታወት ሸፈንኩት፤ ከፊቱ ሰፊ ሜዳ ዘረጋሁ፤ ሜዳው ላይ ዐሥራ ሁለት የድንጋይ አግዳሚ ወንበር ደረደርኩና በጥሩ የእጅ ጽሑፍ «ፀሐይ መሞቂያ» ብዬ ጻፍኩበት። ጅቡቲ ላይ፣ ፀሐይ መሞቂያ! ያታለለኝ ጥር ነው። ከመጣሁ ሁለተኛ ወሬ ነበር፣ አየሩም ለስላሳ ነበር። ሙሴ ዳሂር ደግሞ ጽሑፉ በአማርኛ ስለነበረ አላነበቡትም፤ ዕድሜ ለፊደላችን።

ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋር የሚደረገው የማስጸደቂያ ስብሰባ ሐሙስ ነበር። እሑድ ጠዋት ሙሴ ዳሂር ወደ ቢሯቸው ጠሩኝና በር ዝጋ አሉኝ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። ጠረጴዛቸው ላይ በጽሕፈት መኪና የተመታ የፈረንሳይኛ ደብዳቤ ተዘርግቷል። የጻፈችው፣ ወይም ያስጻፈችው፣ ብርቄ የምትባል የካርቲዬ ሁለት ሻይ ሻጭ ናት። ቃል በቃል አነበቡልኝ። አርክቴክታችሁ ፓራፕሊዬን ሊወስድብኝ ነው ይላል። ፓራፕሊ በፈረንሳይኛ የዝናብ ጥላ ነው። ቀጥሎ፣ ይህ ፓራፕሊ ሃያ ዓመት የተቀመጥኩበት፣ ሦስት ልጆች ያሳደግሁበት ነው ይላል። በስድስት ሰዓት በጣም ትንሽ ነው፣ ከዚያ እያደገ ይሄዳል፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መንገዱን ይሻገራል ይላል። ከሥሩም ሃምሳ ሰው ይቀመጣል ይላል።

ሙሴ ዳሂር ነገር ሳያጣሩ የሚናገሩ ሰው አይደሉም። መንገድ የሚሻገር ፓራፕሊ ለማየት ደብዳቤው በደረሳቸው ማግስት ጠዋት፣ በእሳቸው ሰዓት ልክ ዘጠኝ ላይ፣ ቦታው ድረስ ሄደው ቆመዋል። የተሻገረ ነገር ቢኖር ድመት ብቻ ነው አሉኝ። ነገሩ አልገባኝም፣ እንዲገባኝም አልፈልግም፤ ከሐሙስ በፊት የሴትዮዋ ንብረት ይመለስ፣ የሰው ዕቃ የወሰደ ሰው የነደፈውን ይዤ ሽማግሌዎች ፊት አልቀርብም፣ አለዚያ ሻንጣህን አዘጋጅ ብለው አሰናበቱኝ።

ሌባ ተብዬ አላውቅም። አልወሰድኩም ብዬ ግን መማል አቃተኝ። ለምን ብትሉ፣ እኔ በዕድሜዬ ታክሲ ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት የረሳሁት ጥላ አንድ ሱቅ ይሞላል። የሰው ጥላ ይዤ ቤቴ የገባሁበት ቀንም አለ፤ ያውም የሴት ጥላ፣ አበባ አበባ ያለው። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሰው በምን አፉ ይከራከራል? ገዝቼ ልስጣትና ይለቅልኝ አልኩና ወደ ምኒልክ አደባባይ ወረድኩ።

ዝናብ በዓመት አንዴ ብቅ ቢል ዘመድ እንደመጣ በሚቆጠርበት ከተማ የዝናብ ጥላ መጠየቅ እንዴት ያለ ነገር መሰላችሁ። ባለሱቆቹ መጀመሪያ ሰማዩን ያያሉ፣ ቀጥሎ እኔን ያያሉ። አንዱ ውሃ አምጥቶ ተቀመጥ አለኝ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ከጓዳቸው አቧራ የለበሰ፣ ቀይና ቢጫ፣ ቤተሰብ የሚያስጠልል ጥላ ጎትተው አወጡልኝ። ገዛሁትና ተሸክሜው ወደ ካርቲዬ ሁለት ሄድኩ። ሰዓቱ ዘጠኝ ሆኗል፣ በእኛ ሰዓት ማለቴ ነው። በዚያ ሰዓት ሰፈሩን አይቼው አላውቅም ነበር፤ ዘወትር በዚያ ሰዓት ሆዳን በሚባለው ሰፈር ባለችው ክፍሌ ማቀዝቀዣዬን ከፍቼ ተኝቼ ነው የምውለው።

ደርሼ ቦታ የተሳሳትኩ መሰለኝ። ያ ባዶ መንገድ ገበያ ሆኗል። የዚያ አሮጌ ግድግዳ ጥላ ከእግሩ ተነሥቶ፣ የእግረኛውን መንገድ አልፎ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ ማዶ ደርሷል። በጥላው ውስጥ ታክሲ ሾፌሮች ዶሚኖ ይጫወታሉ፣ ጫት ሻጮች ሸማቸውን ዘርግተዋል፣ ከወደብ ጡረታ የወጡ ሰዎች በሶማሊኛም በአፋርኛም ይከራከራሉ። ልክ ጥላው በሚያበቃበት መስመር ላይ ሰውም አብሮ ያበቃል። ሕዝብ የሚሰበሰብበት ቦታ ይጎድለዋል ያልኩት ይሄን ሰፈር ነው።

መሀል ላይ ፔርሙዞቿን ደርድራ የተቀመጠችው እትዬ ብርቄ ናት፤ ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች ድሬዳዋ የተወለደች ሴት። ጤና ይስጥልኝ፣ ብርቄ እርስዎ ነዎት ወይ ብዬ ብጀምር፣ አንቱታውን ተወው አስረጀኸኝ አለችኝ። የድሬ ሰው እንዲህ ነው፤ አንቺ ካላላችሁት ይቀየማል። ጥላውን ሰጠኋትና ሳላውቅ ወስጄ ከሆነ ይቅርታ አልኳት። ጥላውን አየች፣ እኔን አየች፣ ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ጥላዬን ወሰደብኝ ብለሽ ከስሰሽኝ የለ አልኳት። አዎ ጥላዬን ነው አለችና በእጇ ግድግዳውን፣ መንገዱን፣ ሃምሳውን ሰው አሳየችኝ። ከዚያ ገባትና መሳቅ ጀመረች። ሳቋ በአራት ቋንቋ እየተተረጎመ እስከ ዶሚኖው ጠረጴዛ ደረሰ።

ደብዳቤውን የመቱት መምህር ታደለ እዚያው ከጎኗ፣ የጽሕፈት መኪናቸው ፊት ተቀምጠዋል። ድሮ ድሬዳዋ ፈረንሳይኛ ያስተምሩ ነበር፣ አሁን ለሰው ማመልከቻ ይጽፋሉ። እሳቸው አልሳቁም። ሴትዮዋ ጥላ አለች፣ በፈረንሳይኛ ጥላ ሁለት ነው፣ አንዱን መረጥኩ አሉኝ። ፓራፕሊ መንገድ ሲሻገር ምንም አልመሰለዎትም ወይ ብላቸው፣ እኔ የተነገረኝን እጽፋለሁ፣ መመርመር የዳኛ ሥራ ነው ብለው መነጽራቸውን አስተካከሉ።

ሳቁ ሲበርድ እትዬ ብርቄ ሻይ ቀዳችልኝና ቁም ነገሩን ነገረችኝ። ሰዎች ንድፌን አይተው ነግረዋታል። ግድግዳው ፈርሶ ሕንፃው ወደ ኋላ ከሄደ ጥላው ግቢህ ውስጥ ይቀራል፣ መንገዱ ላይ አይወጣም አለችኝ። ሐምሌ ሲመጣ እነዚያ ድንጋዮችህ ላይ ያለ ከሰል ሻይ አፈላባቸዋለሁ፣ የሚጠጣው ሰው ግን የለም አለችኝ። ቀጥላ ከፔርሙዞቿ ሥር አንድ የተማሪ ደብተር አወጣች። ወደ የመን የሚሻገሩ የአገራችን ልጆች እዚህ ጥላ ሥር አርፈው ሲሄዱ የእናታቸውን ስልክ እዚያ ላይ ይጽፋሉ። ሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶችም ዓርብ ዓርብ እረፍት ሲወጡ እዚህ ይገናኛሉ፣ መልእክት ትተው ይሄዳሉ። ከዚህ ከተነሣሁ ማን የት ብሎ ያገኘኛል፣ እኔስ ማንን ምን ልለው ነው አለችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም፣ እኔ ግን ፈራሁ። አፈርኩ። ፖስታ ቤት፣ ሥራና ሠራተኛ ማገናኛና ሸንጎ በአንድ ግድግዳ ላይ ተሠርቶ ሳለ፣ እኔ «ይፍረስ» ብዬ ነበር።

በማግስቱ ጠመኔ ይዤ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ እዚያው ተቀመጥኩ። በየሰዓቱ ጥላው የደረሰበትን አስፋልቱ ላይ አሰምር ጀመር። ሁለት መስመር እንዳሰመርኩ ዶሚኖው ቆመ። አንዱ በግንቦት እዚህ ድረስ ነው የሚመጣው ይለኛል፣ ሌላው ውሸት ነው ብሎ ጠመኔውን ይቀማኛል። አንድ የአፋር ሾፌር እጄን ይዞ የባሕሩ ነፋስ በየትኛው መታጠፊያ እንደሚገባ በጉንጬ አስለካኝ። እንደዚያ ቀን ተደስቼ ሠርቼ አላውቅም። ማታ ቤቴ ስገባ ልብሴም ፊቴም ጠመኔ ሆኖ ነበር።

አዲሱ ንድፍ ቀላል ነው። ሕንፃው ግድግዳው በነበረበት፣ መንገዱ ዳር ቆመ፤ ቁመቱም ያው። እግሩ ሥር ከዳር እስከ ዳር መደብ ሠራሁለት። ጣሪያው ወጥቶ መንገዱ ላይ ያጠላል፤ ከሥሩ የሚጠራቀመው ሙቀት ወደ ላይ እንዲያመልጥ ደግሞ የወጣውን ክፍል እየራቀ በተደረደረ የእንጨት ርብራብ አደረግሁት። መስታወቱን ቀነስኩ፣ በነፋሱ በኩል መስኮት አበዛሁ። ለጥላው ሰዎች ሳሳያቸው ሁሉም ወደዱት። መምህር ታደለ ብቻ ርብራቡን በጣታቸው ነክተው፣ ዝናብ ቢመጣስ ብለው ጠየቁ። ሃምሳ ሰው ሳቀባቸው፤ ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

ሐሙስ ዕለት ንድፉ ጸደቀ። የፓራፕሊውን ነገር ለሙሴ ዳሂር ያስረዳኋቸው በሥዕል ነው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲስቁ የሰማሁት ያኔ ነው፤ ያ ደግሞ የባሰ ያስፈራል። ያንን ቀይና ቢጫ ጥላ መልሰሽ ስጪኝ ብላት እትዬ ብርቄ የተሰጠ አይመለስም ብላ ከደብተሯ ጋር አስቀመጠችው።

በሚቀጥለው ዓመት ሕንፃው ተመረቀ። እንግዶቹ ከርብራቡ ሥር ተደርድረው ተቀምጠዋል፣ መደቡ ላይ ዶሚኖው ለክብራቸው ሲባል ለጊዜው ቆሟል፣ እትዬ ብርቄ ሻይ ታድላለች። ሙሴ ዳሂር ተነሥተው ይህ ሕንፃ ለአካባቢው አየር ምላሽ የሚሰጥ ነው እያሉ ንግግር ሲያደርጉ፣ ወረቀታቸው ላይ አንድ ጠብታ አረፈ። ቀና አሉ። እኔም ቀና አልኩ። ፀሐይን፣ ነፋስን፣ ባሕሩን፣ ሰዉን አንብቤ ነበር፤ ደመናውን ያነበበ አልነበረም። ወዲያው በርብራቡ ቀዳዳ ሁሉ ይወርድ ጀመር።

የሰፈሩ ሰው ወደ ውስጥ የሮጠ እንዳይመስላችሁ። ሁሉም ወደ መንገዱ ወጣ። ሾፌሮቹ ሸሚዛቸውን አውልቀው ይጨፍራሉ፣ ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን ወደ ሰማይ ይዘው ይስቃሉ፣ እኔም መሀላቸው ገብቼ ስስቅ ራሴን አገኘሁት። ሙሴ ዳሂር ብቻ ከነወረቀታቸው እዚያው ቆመዋል፤ ሸሚዛቸው ተጨማድዶ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። እትዬ ብርቄ ያንን ቀይና ቢጫ ጥላ ከመደቡ ሥር ጎትታ ዘረጋችው። መጀመሪያ ደብተሯን አስጠለለች፣ ቀጥላ አለቃዬን፣ ቀጥላ አንተም ግባ እንጂ ምን ይገትርሃል ብላ እኔን። ሙሴ ዳሂር ወደ ርብራቡ አዩ፣ ወደ ጥላው አዩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ታዲያ ፓራፕሊ ነበራ አሉኝ።

መምህር ታደለ ግማሽ ትከሻቸው ከጥላው ውጭ ቀርቶ፣ በመነጽራቸው ላይ ውሃው እየወረደ ከኋላችን ቆመዋል። በጣም በተረጋጋ ድምፅ፣ እኔ ከመጀመሪያውም ፓራፕሊ ብዬ ጽፌ ነበር፣ የሚሰማ ጠፋ እንጂ አሉ።