ምክር የተከለከለ ሰው

እኛ ሀገር ምክር ከውሃ ይረክሳል። ካላመናችሁኝ አዳማ ውስጥ አንድ ባጃጅ ተሳፈሩና «ራሴን አሞኛል» በሉ። ሾፌሩ ዳማከሴ ያዝዝላችኋል፤ ከጎናችሁ የተቀመጡት እናት ዳማከሴውን ሽረው ጸበል ይልኳችኋል፤ ፖስታ ቤት ሳትደርሱ ደግሞ ሦስተኛው ተሳፋሪ የአጎቱን ልጅ ያዳነውን ሐኪም ስልክ ያስጽፋችኋል። ራሳችሁን የት ጋ እንደሚያማችሁ የጠየቀ ግን የለም።

እንግዲህ የእኔ እንጀራ የተጋገረው በዚህ ሀገር ላይ «አትምከር» ተብሎ ነው። የምሠራው የአካባቢውን ዝናብና አፈር በሚያጠና ቢሮ ውስጥ ሲሆን፣ ተመራማሪዎቹ በቁጥርና በሥዕል ያወጡትን ነገር እኔ ሰው በሚሰማው ቋንቋ፣ ካስፈለገ በአማርኛ ካስፈለገ በኦሮምኛ፣ ለገበሬው አድርሼ እመለሳለሁ። አለቃዬ ወደ ገጠር በወጣሁ ቁጥር የመኪናዋን መስኮት ተደግፎ ያንኑ ቃል ይደግምልኛል፤ «የምናውቀውን ንገር። የማናውቀውንም አናውቅም በል። ይህን አድርጉ ማለት ግን ያንተ ሥራ አይደለም።» እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለብዙ ጊዜ ይህ ነገር ፍርሃት ይመስለኝ ነበር። ኋላ ተጠያቂ ላለመሆን የተበጀ የቢሮ ብልሃት ነው እያልኩ በልቤ አማው ነበር።

ታዲያ አንድ ዓመት፣ በልግ ሊገባ ሲል፣ ከመልካሳ ወደ ሁሩታ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለች አንዲት መንደር ሄድኩ። ሰዉ በእድሩ አዳራሽ ተሰብስቦ ጠበቀኝ። ጭንቀታቸው በቆሎ ነው። አንዱ ዘር ቶሎ ይደርሳል፤ ምርቱ ግን ትንሽ ነው። ሌላው ጎተራ ይሞላል፤ ግን ረጅም ዝናብ ይፈልጋልና ዝናቡ ከዘገየ ፍሬ ሳይቋጥር ይደርቃል። እኔ ይዤ የሄድኩት ወሬ ደግሞ ይህ ነው፤ ዘንድሮ ዝናቡ የመዘግየቱ ዕድል ያመዝናል፤ በወቅቱ ሊገባም ግን ይችላል። ወሬዬ ይኸው ነበር።

ከፊት የተቀመጡ፣ አዴ ጫልቱ የሚባሉ እናት ብድግ አሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ አራት ልጆች በአንዲት ማሳ የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። ባለፈው ዓመት በቆሏቸው ደርቆባቸዋል። ዘንድሮም ከደረቀ ቤቱን ዘግተው፣ ልጆቹን ከትምህርት አስወጥተው፣ አዳማ የቀን ሥራ ፍለጋ መሄዳቸው እንደሆነ መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

«እና የቱን ልዝራ?» አሉኝ።

«እሱን እኔ አልልዎትም፣ እናቴ።»

«ሐኪም በሽታሽ ይህ ነው ብሎ መድኃኒቱን ደብቆ ይሸኛል እንዴ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እኔ አልሳቅሁም። «ቶሎ የሚደርሰውን ይዝሩ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የሴትዮዋ ማሳ ዳገት ይሁን ረባዳ አላውቅም። ጎተራቸው ስንት ወር እንደሚያዘልቃቸው አላውቅም። ቢቸግራቸው ማን እንደሚደርስላቸው አላውቅም። ደግሞስ ብሳሳት እኔ ደመወዜን እየበላሁ አዳማ እቀመጣለሁ፤ የሚፈርሰው የሳቸው ቤት ነው። በልቤ ያማሁት አለቃዬ ያን ጊዜ ፊቴ ላይ ድቅን አለ፤ አፈርኩም።

«እኔ የማውቀው ሰማዩን ነው፤ እሱንም በከፊል» አልኳቸው። «ቤትዎንና ማሳዎን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።» ከዚያ ጥግ ላይ ከነበረ ጆንያ ቦሎቄ ዘግኜ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ክምር ሠራሁ። ትልቁ ዝናቡ የሚዘገይበት ዕድል፣ ትንሹ በወቅቱ የሚገባበት። «ልዩነቱ ይህን ያህል ነው። ልብ በሉ፣ ትንሹም ክምር ክምር ነው።»

ሰዉ ጠረጴዛውን ከበበው። የእድሩ ዳኛ ኦቦ ገመቹ ክምሮቹን አዩና ዳገት ላይ የሚያርሱትን በትልቁ ክምር በኩል፣ ውሃ የሚይዝ ረባዳ ያላቸውን በትንሹ በኩል ቁሙ አሏቸው። ቆሙ። እኔ ደነገጥኩ።

«ኦቦ፣ ይህ እኮ ምሳሌ ነው! ማሳ ተከፋፈሉ አላልኩም!»

«ማን አልክ አለህ?» አሉኝ። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ሲባል አልሰማህም?»

ነገሩ ገብቷችኋል። ባለ ዳገቶቹ ቶሎ የሚደርሰውን፣ ባለ ረባዳዎቹ ዘግይቶ የሚደርሰውን ሊዘሩ ነው። ያንዱ ወገን ቢደርቅ፣ ሌላው ለለቅሶ እንደሚያዋጣው ሁሉ ከጎተራው ሊያዋጣ ነው። ለዘመናት ቀብር ሲያስፈጽም የኖረ እድር እዚያው ዓይኔ እያየ በቆሎን የእድርተኛ ቤተሰብ አደረገው። ይህን መላ ከቢሯችን ሰዎች አንዱም አላሰበውም፤ እኔም ብመክር ኖሮ አይወለድም ነበር። አዴ ጫልቱ ማሳቸው ረባዳ ስለሆነ ከትንሹ ክምር ጋር ቆሙ። ምላሴ ላይ የነበረው ምክር ከነጭራሹ ተቃራኒውን ሊያዘራቸው ነበር።

ዝናቡ በወቅቱ ገባ።

አዳማ ላይ ያላሾፈብኝ ሰው አልነበረም። አንዱ ጎረቤቴ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጃንጥላ ይዞ፣ «አንተ ይዘገያል ካልክ ዛሬውኑ ይዘንባል» እያለ ይሰናበተኝ ጀመር። ከአዝመራ በኋላ ወደ መንደሯ ስሄድ አንገቴን ደፍቼ ነው የገባሁት። አዴ ጫልቱን ደጃቸው ላይ በቆሎ ሲፈለፍሉ አገኘኋቸው። ጎተራቸው እስከ አፉ ሞልቷል፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው።

«ውሸታም ይሉኛል ብዬ ነበር» አልኳቸው።

«ለምን? ትንሹ ክምር መጣ እንጂ አንተ መች ዋሸህ?»

ይህን የመሰለ ነገር የሰማሁት ከአንድ ምሁር አፍ ቢሆን እንዲህ ደስ አይለኝም ነበር። የበቆሎና የቦሎቄ ንፍሮ አቀረቡልኝ። ደስታው ይሁን ንፍሮው እንጃ፣ ምላሴ ተፈታ። «እንግዲህ አዴ ጫልቱ፣ ለከርሞም እንዲሁ አድርጉ። እንዲያውም ረባዳውን በሙሉ…»

የሚፈለፍሉትን በቆሎ አስቀመጡና አዩኝ።

«ልጄ፣ አንተ ክምርህን ይዘህ ና። የቀረውን ለእኛ ተወው።»

እኔም ንፍሮዬን መቃም ቀጠልኩ።