የአያ ካሳ በሽተኛ

እናንተዬ፣ የታመመ ብረት ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እኛ የኮን ሰዎች ጠይቀናል።

አያ ካሳ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ፣ የአምራቾች ማኅበር ሲፈርስ የተጣለች አሮጌ የቤንዚን ትራክተር ጓሯቸው ውስጥ ሲጠግኑ ነው የሚውሉት። ገበያ የወጣ ሁሉ ጎራ ብሎ፣ «ዛሬስ እንዴት አደረች?» ይላል። እሳቸውም በረጅሙ ተንፍሰው፣ «ትናንት ትንሽ አስሏት ነበር» ይላሉ።

አንድ ቀን ሞተሯ ተነሣ። እልል አልን፤ «እንኳን ማረልዎ!» ብለን ተበተንን። ከዚያ በኋላ ደጃቸውን የረገጠ የለም። የዳነን ማን ይጠይቃል?

በሳምንቱ ጎራ ስል ትራክተሯ ፀጥ ብላለች።

«ምነው አያ ካሳ?»

«አገረሸባት፣ ልጄ።»

ሞተሯን የምታስነሣው ካንዴላ ከኮት ኪሳቸው ብቅ ብላ አየኋት።

«እግዜር ይማርልዎ» ብዬ ተቀመጥሁ።