ሃምሳ ኪሎ አሸዋና የኔ አፍ

ልጆቼ እንኳ የማያውቁትን ጉድ ዛሬ ለእናንተ ልዘረግፈው ነው። ቁጭ ብላችሁ አንብቡ፤ ቆሞ የሚነበብ አይደለም!

እኔ በደርግ ጊዜ፣ ላሊበላ ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ አሸዋ ስር ተቀብሬያለሁ።

በገዛ አፌ።

ነገሩን ያስታወሰኝ ዛሬ ጠዋት ስልኬ ላይ የመጣ ክርክር ነው። "ሴት የእሳት አደጋ ሠራተኛ ከወንድ እኩል ትፈተን ወይስ ይቀነስላት?" ይላል ፖስቱ። ኮመንቱ እንደ ቅዳሜ ገበያ ይንጫጫል። ጣቴ ለመጻፍ ተነሳች። ወዲያው ትዝ አለኝና ሰበሰብኳት።

ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ ነበር። የቀበሌያችን የሴቶች ማህበር ጸሐፊ ነኝ። ጸሐፊ ያሉኝ ስምንተኛ ክፍል ስለደረስኩ ነው እንጂ ሌላ ሙያ ኖሮኝ አይደለም። ግን እኔ እቴ! ስራመድ መሬቱ የሚንቀጠቀጥ ነበር የሚመስለኝ።

በዚያ በጋ አንድ የሣር ክዳን ቤት ከነእህሉ ተቃጠለ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ግን እሳቱ የተነሳው በቀን ነው፤ ወንዶቹ እርሻ ላይ ናቸው። እኛ ሴቶች በድስት ውሃ እየረጨን፣ እየጮህን፣ ቤቱ ዓይናችን እያየ አለቀ።

ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። "የእሳት መከላከያ ጓድ ይቋቋም!" ተባለ። (ያኔ ሰውም ጓድ፣ ቡድንም ጓድ ነበር። እንዴት እንግባባ እንደነበር አትጠይቁኝ።)

ከአውራጃው አንድ አሰልጣኝ መጣ። ካኪው የተተኮሰ፣ መዝገብ በብብቱ። መመዘኛውን አነበበልን። ወንድ ሃምሳ ኪሎ አሸዋ በጆንያ ተሸክሞ፣ ከታች ከምንጩ እስከ ገበያው ሜዳ ዳገቱን ይወጣል። ሴት ሃያ አምስት ኪሎ።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሃያ አምስት ኪሎ! ይኼማ ውሃ ከሞላ እንስራ አይበልጥም!

እኔስ? እጄን አወጣሁ።

ምነው ያኔ በተቆረጠ!

"ጓድ አሰልጣኝ!" አልኩ፣ ድምፄን እንደ ራዲዮ ተናጋሪ አሳምሬ። "እሳት ሴት ናት ብሎ በግማሽ ያቃጥላል ወይ? እኩል እንፈተን! ግማሽ ጆንያ ለእኛ ስድብ ነው!"

ወንዶቹ አጨበጨቡ። ለምን እንዳጨበጨቡ የገባኝ በኋላ ነው። ሊቀመንበሩ አያ ሲሳይ ግራ እጃቸውን ጨብጠው አነሱ። ውሳኔው አለፈ።

ከሴቶቹ ግን አንዲትም አላጨበጨበች።

ስንወጣ እትዬ ጥሩወርቅ ክንዴን ያዙኝ። ጠላ ጠምቀው ልጆች የሚያሳድጉ፣ በቀን አራት ጊዜ ምንጭ የሚወርዱ ሴት ናቸው።

"አንች ልጅ፣" አሉኝ፣ "ግማሹን ሰጥተውን ነበር እኮ።"

"ምጽዋት ነው እትዬ! እኛ የምንፈልገው መብት—"

"ቀን እሳት ሲነሳ መንደር ውስጥ ያለነው እኛ ነን። አሁን አንዲትም ሴት ካላለፈች ማን ሊያጠፋው ነው? ንግግርሽ?"

እውነታቸውን እንደሆነ ገባኝ። ስለዚህ ተቆጣሁ። ይቺን ዓይነቷን ቁጣ መቼም ሁላችሁም ታውቋታላችሁ።

የፈተናው ዕለት ሕዝቡ ሰርግ የተጠራ ይመስል ዳገቱን ግራና ቀኝ ይዞ ቆመ። ወንዶቹ ጀመሩ። አሥራ ሁለት ሆነው ተነስተው አምስቱ መንገድ ላይ ጆንያቸውን ጥለው ተቀመጡ። አንዱ "ጫማዬ ነው ያስቸገረኝ" አለ።

ባዶ እግሩን ነበር!

ከሴቶች የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። ማን ሊቀድመኝ?

ሁለት ሰዎች ጆንያውን ትከሻዬ ላይ ጫኑልኝ። እንደ ወንዶቹ፣ ትከሻ ላይ! ፈገግ እንዳልኩ ሃያ እርምጃ ሄድኩ። በሃያ አንደኛው ፈገግታው ጠፋ። በሠላሳኛው ጉልበቴ "እኔ የለሁበትም" አለ።

አሰልጣኙ መዝገቡን ይዞ ፊት ለፊቴ ቆሟል። "በርቺ ጓዲት!" አለኝ።

እላዩ ላይ ወደቅኩ።

ጆንያው ተተረተረ። ከታች እሱ፣ መሃል እኔ፣ ከላይ አሸዋ። የሚታየው እግሬ ብቻ። ከሕዝቡ መሃል አንዱ "እኩልነት ወደቀች!" ብሎ ሲጮህ ዳገቱ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ጥርሳቸው ታይቶ የማያውቀው አያ ሲሳይ እንኳ ድንጋይ ተደግፈው ሳቁ።

እኔ አሸዋ እየተፋሁ ሳለሁ እትዬ ጥሩወርቅ ወደ ፊት ወጡ። ሌላ ጆንያ አስመጡ። የውሃ መቅጃ ገመዳቸውን ዘርግተው፣ ልክ እንደ እንስራ ጠፍረው፣ ጀርባቸው ላይ አዘሉት።

"አይቻልም!" አለ አሰልጣኙ፣ ከጆሮው አሸዋ እያራገፈ። "ደንቡ የሚለው በትከሻ ነው!"

"ጌታዬ፣" አሉት እትዬ፣ "እሳቱ አሸዋው በትከሻ መጣ በጀርባ ብሎ ይጠይቃል?"

አሰልጣኙ መዝገቡን ገለጠ። ከመዝገቡም አሸዋ ፈሰሰ። ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። አያ ሲሳይ ጢማቸውን እያሻሹ ጥቂት አሰቡና፣

"ኪሎው አይነካ" አሉ። "አሸዋው ሜዳው ላይ ይድረስ እንጂ በጥርሳቸውም ይያዙት።"

እትዬ ጥሩወርቅ ወጡ። አልቆሙም፣ አልተነፈሱም። ሜዳው ላይ ሲደርሱ "የት ላፍስሰው?" ብቻ አሉ።

ከእሳቸው በኋላ ሦስት ሴቶች አለፉ። ሃምሳ ኪሎ፣ ሙሉውን! ይኼን ጊዜ የወደቁት ወንዶች ተንጫጩ። "ለእኛስ በጀርባ አይፈቀድም ወይ?" እኩልነት ነዋ! ተፈቀደላቸው። እትዬ ገመዱን እንዴት እንደሚጠፍሩ አሳዩአቸውና ሁለቱ አለፉ።

እኔም በጀርባ ሞከርኩ። ምንጩ አጠገብ ካለችው ዛፍ አላለፍኩም።

ለሁለት ሳምንት ሰው ዓይን ማየት አቃተኝ። በሦስተኛው እትዬ ጥሩወርቅ ደጃችን ቆመው ተጣሩ። "ተነሽ፤ እንስራ ያዥና ነይ።" ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት አብሬያቸው ምንጭ እወርድ ጀመር። መጀመሪያ ስንመለስ ይጠብቁኝ ነበር። በኋላ እኩል መውጣት ስጀምር መጠበቁ ቀረ።

አንድ ቀን እንስራዬን አዝዬ ብቻዬን ስመለስ ጩኸት ሰማሁ። የአያ ሲሳይ ማድቤት ክዳን ይነዳል! ከነእንስራዬ ሮጥኩ። ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ! አያ ሲሳይ ጋቢያቸውን እንደለበሱ በሩ ላይ ይጮሃሉ። እንስራውን አወረድኩ፣ ክዳኑ ላይ አነጣጠርኩ፣ ባለኝ ኃይል ውሃውን ለቀቅኩት።

አንዲት ጠብታ ክዳኑ አልደረሰችም።

በሙሉ አያ ሲሳይ ላይ!

እሳቸው ግን አላመነቱም። የራሰውን ጋቢ ገፈው፣ ዝቅ ያለውን የሚነድ ሣር በእሱ ይደበድቡት ጀመር። እትዬ ጥሩወርቅና ጓዱ ሲደርሱ ጭስ ብቻ ነበር የቀረው።

በማግስቱ ስብሰባ ላይ አያ ሲሳይ ተነሱ። "ይቺ ብልህ ልጅ!" አሉ። "ጋቢዬን አርሳ የእሳት ማጥፊያ አደረገችልኝ!" ያለ ፈተና ጓዱ ውስጥ ትግባ ተባለ።

ያለ ፈተና! እኔ! "እኩል እንፈተን" ያልኩት ሴትዮ!

እና ምን አደረግኩ? አብሬ አጨበጨብኩ።

አያ ሲሳይ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እስኪሞቱ ድረስ ያነጣጠርኩት ክዳኑ ላይ እንደነበር አልነገርኳቸውም።

እትዬ ጥሩወርቅን ግን ማን ያታልላል? ስንወጣ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብለው "ነገ ማለዳ ጆንያው ምንጩ ዘንድ ይጠብቅሻል" አሉኝ።

ሄድኩ። ተመልካች የለም፣ አጨብጫቢ የለም፤ እሳቸውና እኔ ብቻ። ራሳቸው ጠፈሩልኝ። ዛፏን አለፍኩ። የተቀበርኩባትን ቦታም አለፍኩ። እግሬ እየተብረከረከ፣ ዓይኔ እያነባ፣ ሜዳው ላይ ወጣሁ።

"በይ፣" አሉኝ እትዬ፣ አሸዋውን ከጀርባዬ እያወረዱ፣ "አሁን ገብተሻል።"

እውነቱን ለመናገር መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ አርፌያለሁ። ደንቡ ስለ ማረፍ የሚለው ነገር ነበረው እንዴ? የምታውቁ ካላችሁ፣ በናታችሁ፣ ኮመንት ላይ እንዳትጽፉት!