ሊቀ ሻይ ወርቅአገኘሁ

ባለፈው ቅዳሜ፣ ገበያው ሊፈታ ሲል፣ ፈትሂያ ሻይ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ አንድ ነገር አየሁ። ከቢልባላ በኩል ገብስ ጭነው የመጡ አዛውንት ብርጭቋቸው ከእጃቸው አምልጦ ድንጋዩ ላይ ተሰበረ። አፍረው ስብርባሪውን በጣታቸው ሲለቅሙ፣ አጠገባቸው ያሉት ልብስ ሰፊ ገና ያልነኩትን የራሳቸውን ብርጭቆ ወደ እሳቸው ገፋ አደረጉና፣ «ፈትሂያ! ብርጭቆሽን ሰበርኩብሽ፤ ይቅር በይኝ» ብለው ጮኹ። ከዚያ ወደ አዛውንቱ ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ፣ «አይቸኩሉ፤ መጀመሪያ ያሽትቱት» አሏቸው።

ልብስ ሰፊው ሊቀ ሻይ ወርቅአገኘሁ ናቸው።

ሻይ አዋቂ የሌለበት ከተማ የለም። እኛ ሻይ እንጠጣለን፤ ሻይ አዋቂ ግን ይመረምራል። ስኳር ስንጨምር በሐዘኔታ ያየናል። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ያነሣል፣ ያሸታል፣ ዝም ይላል፤ ዝምታው በረዘመ ቁጥር ሻይ የቀዳችው ሴት ላብ ላብ ይላታል። በመጨረሻ ማንም ያልጠየቀውን ፍርድ ይሰጣል። የእኛ ከተማ ላሊበላ ደግሞ የካህናት ማዕረግ ስለማይጠፋባት፣ ለእሳቸውም አንድ ጨመርንላቸው። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር። አሁን ግን «ሊቀ ሻይ!» ሲባሉ ቀና ብለው «አቤት» ይላሉ።

ከአምስት ዓመት በፊት ለአያ ወርቅአገኘሁ ሻይ ማለት ስኳር የሚሟሟበት ቀይ ውኃ ነበር። ነገሩን ያመጣችው ልጃቸው ንጋት ናት። እናቷ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ያሳደጓት፣ በስፌት መኪናቸው ሠርተው ዩኒቨርሲቲ ያስተማሯት አንዲት ልጅ ናት። ተመርቃ ሥራ ስታገኝ፣ ከቦንጋ ወዲያ የሻይ እርሻ ላይ ሆነ። ደውላ «አባዬ፣ ሥራዬ ሻይ መቅመስ ነው» ብትላቸው፣ «ሻይ ለመቅመስ ነው ይኼን ሁሉ ዓመት የተማርሽው?» አሉና ሦስት ቀን ተኮራረፉ።

ከሄደች አራት ዓመት አለፋት። በየዓመቱ «ዘንድሮ ለገና እመጣለሁ» ትላለች፤ አንዱን ዓመት መንገዱ ይዘጋል፣ ሌላውን ሥራው ይበዛል። አገሩ ሁሉ ወደ ላሊበላ ሲጎርፍ አያ ወርቅአገኘሁ መናኸሪያ ቆመው የሰው ልጅ ሲቀበሉ ይውላሉ። እሷ ስትቀር ቅጠሏ ይመጣል። መንገደኛ በያዘው ትንሽ የወረቀት ከረጢት፣ ላዩ ላይ በእርሳስ ወሩ ተጽፎበት። «ቀምሰው ፍርድዎን በጽሑፍ ይላኩልኝ» ትላቸዋለች፤ «ስልክ ላይ ይጮኻሉ።»

እንግዲህ ትምህርቱ እንዲህ ተጀመረ። ሻይ ቀማሽ ማንኪያ ሙሉ አንሥቶ ከአየር ጋር በጩኸት ይስበዋል፤ ከዚያ ይተፋዋል። በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሲጠጣ ድምፅ አያሰማም። አያ ወርቅአገኘሁ ግን ሲስቡ አላፊ በቅሎ ደነበረ ይባላል፤ እኔ በዓይኔ ያየሁት አህያ ነው። ፈትሂያ «ቤቴ ውስጥማ አይተፉም!» ስላለች ከመቀሳቸው ጋር የቲማቲም ቆርቆሮ ይዘው ይዞራሉ። ቅርንፉድ እንድትቀንስ፣ ቀረፋ እንድትተው ሲነግሯት፣ «ያለ ቅመምና ያለ ስኳርማ ሣር ቀቅዬ ሰጠሁዎት ማለት ነው» ትላለች። «ቅመም የደካማ ቅጠል ነጠላ ነው» ይሏታል። «ተከናንቦ ገመናውን ይሸፍናል።»

አንድ ጊዜ ንጋት በስልክ፣ «የእናንተ ውኃ በደንብ ሳይግል ነው የሚፈላው፤ ከፍታው ነው» አለቻቸው። «የላስታ ውኃ አይግልም አለች!» ብለው ሳምንት ሙሉ ተቆጡ። ከዚያ አመኑ፤ ይባስ ብለው ሰባኪ ሆኑ። «ጥፋቱ የአንቺ አይደለም ፈትሂያ፣ የተራራው ነው። ሻይ በወጉ ልጠጣ ያለ ተከዜ ይውረድ።»

«ይውረዱ፤ ማን ያዘዎት? ሲመለሱ ስኳር ይዘውልኝ ይምጡ።»

ከሁሉ የከበደው የጾሙ ነገር ነበር። የነቢያት ጾም ሊገባ ሲል ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ አባ ገብረ ሊባኖስ ሄዱ፤ እኔም አብሬ ነበርኩ።

«አባ፣ ካልዋጥኩት ጾሙን ይነካዋል?»

«ምኑን?»

«ሻዩን። እስበዋለሁ፣ እተፋዋለሁ።»

«ለምን ትተፋዋለህ?»

«ሥራው እንደዚያ ነው።»

«የማን ሥራ?»

«የልጄ።»

«እሷ ትትፋው። አንተ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታገሥ፤ የደረቀ ቅጠል የት ይሄድብሃል?»

ስለዚህ በጾም ምርምራቸው ሁሉ በአፍንጫ ሆነ። ቅጠሉን ስፌት መኪናው ላይ በወረቀት ዘርግተው፣ አንድ እጅጌ ሰፍተው ያሸታሉ፣ አንድ ኮሌታ ሰፍተው ያሸታሉ። አፍንጫቸው ምላሳቸውን የበለጠው ያኔ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ አባም ጎራ ብለው፣ «ለመሆኑ ይህች የየትኛው ወር ናት?» ማለት ጀምረዋል።

አንድ ቀን የነሐሴውን ቅጠል ቀመሱና፣ «ይኼ ዝናብ ጠግቧል» አሉ። «ቶሎ አድጎ ጣዕሙ ሳስቷል። ሳምንቱን ሙሉ አላባራም ማለት ነው።» ብርጭቆውን አስቀምጠው፣ ለእኔም ለፈትሂያም ሳይሆን ለራሳቸው፣ «ጃንጥላ ይኖራት ይሆን?» አሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሲያሸቱ ስቄ አላውቅም። ስኳርም ትቻለሁ። በማታ ጸሎቴ ላይ የዚያችን ልጅ መንገድ ጨምሬአለሁ።

የሚልኩት ፍርድ ግን ፍርድ ብቻ ነው። ንጋት «ደብዳቤዎን ለአለቆቼ አነብላቸዋለሁ» ስላለቻቸው ቃላቸውን መጥነው ይጽፋሉ። «የጥቅምቱ ቅጠል። ቀለሙ የጠራ፣ አፍ ላይ ያዝ የሚያደርግ፣ ኋላ ግን ቸኩሎ የሚሄድ። ወርቅአገኘሁ።» በቃ። ሰላምታ እንኳን የለውም።

«አያ፣ ለምን ነይ አይሏትም?» አለቻቸው ፈትሂያ በኅዳር።

«ሥራ ላይ ናት። ሥራ ላይ ያለ ሰው ነይ አይባልም።»

«ታዲያ ምን ይሏታል?»

«ሻዩ ጥሩ ነው እላታለሁ።»

«ሻዩ ጥሩ ከሆነማ ምን ሊያመጣት! አንድ ጊዜ መጥፎ ነው ይበሏት፤ በማግስቱ ከች ትላለች።»

«በፍርድ ላይ ውሸት? ያውም በጾም?» ብለው ተነሥተው ሄዱ። ቆርቆሯቸውን ረስተው ስለነበር ተመለሱ።

ትናንት አንድ ሹፌር ከወትሮው የሚበልጥ ከረጢት አመጣላቸው። አፉ በቀይ ጥብጣብ ታስሯል። ላዩ ላይ ወር የለም። «ለገና በዓል የሚሆን። አባዬ፣ ሲጠጡት ያስቡኝ» ይላል።

ድምፄን ከፍ አድርጌ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ፤ ባላነብ ይሻለኝ ነበር። ለገና ሻይ የምትልክ ልጅ ለገና አትመጣም። ፈትሂያ ውኃ ጣደች። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። አያ ወርቅአገኘሁ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አነሡ፤ አሸተቱ። ድምፅ ሳያሰሙ ጠጡ። ቆርቆሮውን አልነኩትም።

«እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«እስካሁን ከላከችው ሁሉ ይኼ ይበልጣል» አሉ፤ ከአፋቸው ያወጡት በግድ ነው። «እንከን የለውም። ብፈልግ፣ ብፈልግ አጣሁለት።»

ከኪሳቸው ወረቀትና እስክርቢቶ አውጥተው ፍርዱን ጻፉ። ሁለት መስመር ሆነ። ሦስተኛውን ጀመሩ፣ ሰረዙት። እንደገና ጀመሩ፣ ሰረዙት። ፈትሂያ ጀርባዋን ሰጥታ የታጠበውን ብርጭቆ እንደገና ታጥባለች። በመጨረሻ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«አንተ መጽሐፍ ታነባለህ» አሉኝ፤ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነው። «የሻዩን እኔ ጽፌዋለሁ። የቀረውን አንተ ጻፍልኝ።»

«የቀረው ምንድን ነው አያ?»

«እሱን ባውቅበት ላንተ እሰጥህ ነበር? እኔ ስጽፈው ሻይ ይሆንብኛል።» እስክርቢቶውን እጄ ላይ አስቀመጡት። «ስታነበው እንዳትደነግጥ አድርገህ ጻፈው። ግን ደግሞ እንድትመጣ አድርገህ ጻፈው። እባክህ ቶሎ በል፤ የሹፌሩ መኪና ነገ በጠዋት ነው የሚነሣው።»