ሐይቁን ያረሰችው ጀልባ

ንፋስ ከፊት ለፊቷ እየነፈሰ ጀልባ እንዴት ወደ ፊት ትሄዳለች? ይህን ጥያቄ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ተሸክሜው ኖሬአለሁ። ከኋላዋ ሲነፍስማ ማንም ይገባዋል፤ በዚያኛው መንገድ ፌስታልም ይሄዳል። ወደ ንፋሱ መሄድ ነው እንቅልፍ የሚነሳው።

ባሕር በሌለው አገር፣ ለዚያውም ሐብሩ ወረዳ ተቀምጣ፣ ስለ ጀልባ የምትጨነቅ ሴት ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። ጥፋቱ የኔ ብቻ አይመስለኝም። ወልድያ የተማርሁበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት በእርዳታ የመጡ መጻሕፍት ነበሩት፤ የላኩልን ደጎች የሚጎድለንን ሳይጠይቁ የተረፋቸውን ነበር የላኩት። በበረዶ ላይ መንሸራተትን የሚያስተምር ነበረ። የውሻ ፀጉር አቆራረጥ የሚያስረዳም ነበረ። ከነዚህ መሃል ደግሞ ለባሕር ዳርቻ የሚሆኑ የትናንሽ ጀልባዎችን አሠራር ከነሥዕሉ የሚያሳይ ወፍራም መጽሐፍ። ዓይን አፋር ልጅ የእረፍት ሰዓቷን የምታሳልፈው ማንም በማይመጣበት መደርደሪያ ሥር ነውና፣ እኔና ያ መጽሐፍ አራት ዓመት አብረን ቆየን።

መልሱ እዚያ ውስጥ ነበር። ጀልባ ንፋሱን በቀጥታ አትጋፈጠውም፤ ወደ አንድ ጎን አግድም ትሄድና ዞራ በሌላው ጎን ደግሞ አግድም ትሄዳለች፤ እንዲህ እየተመላለሰች ወደ ፊት ትደርሳለች። ወደ ጎን እንዳትንሸራተት የሚይዛት ከሆዷ ሥር ወደ ውሃው የሚወርድ ሰሌዳ የመሰለ ብረት ነው። ጥልቅ ውሃ ላይ በገመድ ይወርዳል፣ ዳርቻ ስትደርስ ተስቦ ሆዷ ውስጥ ይሰበሰባል። እኛስ የጎረቤት ዶሮ ጓሯችንን ስትጭር እንዲህ አይደል ልንወቅስ የምንሄደው? መጀመሪያ ስለ ዝናቡ፣ ቀጥሎ ስለ ልጆቹ ጤና፣ ከዚያ ዘንድሮ ስለ ገባው የዶሮ በሽታ። ዶሮዋ ጋ ስንደርስ መሽቷል። ግን ደርሰናል።

ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ተምሬ እዚሁ ሐብሩ፣ መርሳ ከተማ መምህርት ሆንሁ፤ ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። አንብቤዋለሁ እንጂ አላየሁትማ! በመጨረሻ መጽሐፉን እያስታወስሁ የሣልሁትን ሥዕል ይዤ ጀልባ ላሠራ አያ እንድሪስ ዘንድ ሄድሁ። አያ እንድሪስ በርና አልጋ የሚሠሩ፣ ለገበሬው ደግሞ ሞፈርና ድግር የሚጠርቡ፣ ከመርሳ እስከ ግራና ከተማ ስማቸው የሚጠራ አናጺ ናቸው። ሥዕሉን አገላብጠው አዩና ጣታቸውን ከጀልባዋ ሆድ ሥር አሳረፉ።

«ይቺ ብረት ምንድን ናት?»

ማስረዳት ነበረብኝ። ግን ሱቁ ውስጥ አምስት ወንዶች ተቀምጠው ያዩኛል። «እንደ ማረሻ ነው» አልሁና ወጣሁ።

ሥራው ሁለት ወር ፈጀ። መርሳም ሁለት ወር ሙሉ አልተኛላቸውም።

«አያ እንድሪስ፣ የኑሕ ጎርፍ ሊመጣ ነው እንዴ? ለኛም ቦታ ያዙልን እንጂ!»

«አንተን ከፍየሎቹ ጋር ጽፌሃለሁ» ይላሉ መላጊያቸውን ሳያቆሙ።

ወደ ሐይቅ ልንሄድ በዋዜማው ጀልባዋን ለማየት ሄድሁ። አራት ሜትር የምትሆን፣ ምሰሶዋ ቀጥ ያለ፣ የድንኳን ሸራ የለበሰች ቆንጆ። ጎንበስ ብዬ ግን ሆዷን አየሁ። ብረቱ ወደ ፊት ሾሏል! መጽሐፉ ላይ ብረቱ የሚታሰረው ከፊት በኩል ነው፤ ጫፉ ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ መሬት ሲነካ በራሱ ተገፍቶ ወደ ላይ ይታጠፋል። የአያ እንድሪስ ግን ከኋላ ታስሮ ጫፉ ወደ ፊት ይመለከታል። መሬት ከነካ አይታጠፍም፤ ይብስ ይሰምጣል። ማረሻ ብያቸው ማረሻ ሠሩልኝ።

«ብረቷ… ወደ ፊት ዞራለች» አልሁ ቀስ ብዬ።

«አዎ ልጄ!» አሉ ፊታቸው በርቶ። «እንድትነክስ ነው።»

ያን ፊት እያየሁ፣ አባቴን የሚያህሉ ሰው ሁለት ወር የለፉበትን፣ ተሳስተዋል ልበላቸው? ዝም አይነቅዝም ይባል የለ። ዝም አልሁ።

በማግስቱ በአይሱዙ ጭነናት ወደ ሐይቅ ተነሣን። መንገድ ላይ ውርጌሳ ከተማ ስንቆም ሰው ከበበን።

«የከብት ማጠጫ ነው?» አለች አንዲት በቆሎ ሻጭ።

«ጀልባ ነው።»

«ታዲያ ጀልባ ከሆነች ለምን በመኪና ትሄዳለች?»

ሐይቁ ላይ ብረቱን አውርደን ሸራውን ሳብን። ንፋሱ ፊት ለፊታችን ነበር። ጀልባዋ ጋደል አለች፣ ትንሽ አሰበች፣ ከዚያ አግድም ይዛ ወደ ንፋሱ መውጣት ጀመረች! በእግር ከመሄድ ትፈጥናለች። ስናዞራት እንደ ግትር በሬ ታንገራግራለች፤ ግን ትዞራለች። «ሱብሃነላህ! በጉልበቱ ጉልበቱን ቀማነው!» አሉ አያ እንድሪስ። የዓመታት ጥያቄዬ በዓይኔ ፊት ሲመለስ ልቅሶም ሳቅም መጣብኝ።

ዳርቻው ሲቀርብ «ብረቱን!» ብዬ ጮህሁ፤ አያ እንድሪስ ገመዱን ሳይስቡት ጫፉ ጭቃውን ነከሰ። ነክሶም አልቀረ፣ ገባ። ጀልባዋ ቀጥ ስትል እሳቸው ግን አልቆሙም፤ በአፍንጫዋ በኩል ተወርውረው ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሙ። ከኋላችን ከውሃው ሥር ጭቃው ላይ አንድ ትልም ተዘርግቷል። ዳር የቆመው ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ይቀርፃል።

ሱሪያቸውን እየጨመቁ «ልጄ» አሉኝ፣ «ማረሻ መሬት እንዲነክስ ነው። ጀልባ መሬት ነክሳ ምን ልታበቅል ነው እያልሁ ይችን ብረት ሳስር ሦስት ቀን አስቤአለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«የተማረች ልጅ ማረሻ ናት ካለች ማረሻ ናት አልኋ!»

እኔም አይቼው ነበር ማለት አቃተኝ። የሳቸው ዝምታ ትሕትና ነበር፤ የኔ ግን ፍርሃት። ከውጭ ሲያዩአቸው አይለያዩም፤ ችግሩ እሱ ነው።

ቪዲዮው ከኛ ቀድሞ መርሳ ገባ። «አያ እንድሪስ፣ ሐይቁን ምን ሊዘሩበት ነው?» የማይል የለም። ሳቁ ባልከፋ፤ ግን በር ያዘዘች ሴት «ይቆይልኝ» ብላ ሌላ አናጺ ዘንድ ሄደች። ሞፈር ሊያሠራ የመጣ ገበሬም ድሮ ሳያይ የሚወስደውን ሞፈር ዘንድሮ ሦስት ጊዜ አገላብጦ አየው። ሠላሳ ዓመት የተጠረበ ስም በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ይላጋል። እሳቸው ግን «ሥዕሉ የመምህርቷ ነው» ብለው ለአንድ ሰው እንኳ አልተነፈሱም። እኔ ላይ አንድም ሰው አልሳቀም። ይሄ ነው የቆረጠመኝ።

ነገ የገበያ ቀን ነው። ሱቃቸው በገበሬ ሲሞላ ገብቼ እቆማለሁ። ማረሻ ናት ያልሁት እኔ ነኝ፣ ስህተቱን በዋዜማው አይቼ ዝም ያልሁትም እኔ ነኝ፣ የሳቸው እጅ የተባለውን ነው የሠራው እላለሁ፤ ድምፄ ቢንቀጠቀጥም እስከ መጨረሻው። የሚቀርፅ ካለ ይቅረፅ።