የሽመላዋ ጭፈራ

ተረት ልበላችሁ፤ በረቱን ክፈቱልኝ። በድሮ ዘመን ዙሪያውን ጫካ የከበበው አንድ ሰፊ ረግረጋማ ጨፌ ነበረ። በጨፌው መካከል፣ ውሃ በከበበው የቄጠማ ጉብታ ላይ፣ ወርቃማ ቁንጮ ያላት እመት ሽመላ ከባልዋ ጋር ትኖር ነበር። ክረምት ሲወጣ ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመው አንገታቸውን ይሰብራሉ፤ ክንፋቸውን ዘርግተው ይዘላሉ፤ ቄጠማ ነቅለው ወደ ላይ ይወረውራሉ። ለማንም ብለው አልነበረም። እንቁላል የሚጥሉበት ወራት ስለደረሰ ደስ ብሏቸው ነው።

ይህን ጉሬዛ ከዛፍ ላይ ሆኖ ሲያይ ከረመ። ነጭ ካባውን እያወናጨፈ ለዝንጀሮዎች አስተማረ፤ ዝንጀሮዎች ለሚዳቋ፣ ሚዳቋ ለአህያ። ጫካው ሁሉ እንደ ሽመላ ይዘል ጀመር። እመት ሽመላም መጀመሪያ ላይ ደስ አላት። አህያ አንገቷን ስትሰብር አይታ ከባልዋ ጋር ስትስቅ ዋለች።

የጭፈራው ዝና ሩቅ አገር ደረሰና እንግዳ ይጎርፍ ጀመር። ዝሆን ሊያይ መጥቶ ጭቃው ውስጥ ሰመጠ፤ በብዙ መከራ ጎትተው አወጡት። የጫካው ሸንጎ ነገሩን እንደ ውርደት ቆጥሮ ተሰበሰበ። ዳኛው አያ ጎሽ፣ ለሽመላ ክብር ሲባል ጨፌው ተጠንፍፎ የጭፈራ ሜዳ እንዲሆን ፈረደ። ከርከሮዎች በክራንቻቸው ቦይ ቀደዱ። ውሃው ወረደ፤ እንቁራሪቶቹም ተከትለውት ወረዱ።

እመት ሽመላ ያን ጊዜ እንቁላል ታቅፋ ነበር። ረሃብ ቢጠናባቸው ባልና ሚስት ትል ፍለጋ ራቅ ብለው ሄዱ። ሲመለሱ ጎጆው ውስጥ ቅርፊት ብቻ አገኙ። ቀበሮ እግሩ ሳይረጥብ ገብቶ፣ እግሩ ሳይረጥብ ወጥቷል። እመት ሽመላ ባዶውን ጎጆ እየዞረች፣ አንዴ እየተንበረከከች አንዴ እየተነሣች ዋለች።

በማግስቱ ሸንጎ ፊት ቀረበች። እንቁላሎቿን የበላው ቀበሮ ቢሆንም መንገዱን የከፈተለት የጨፌው መድረቅ መሆኑን፣ ቦዩ ካልተደፈነም ዘሯ እንደሚጠፋ ተናገረች። ሸንጎው በጣም አዘነ። አህያ አለቀሰች።

«እመት ሽመላ፣ ሐዘንዎ ሐዘናችን ነው» አለ አያ ጎሽ። «ስምዎ እንዳይረሳ ጭፈራው በዓል ሆኖ በየዓመቱ ይከበራል።»

«እኔ የምታቀፈው ስሜን አይደለም፣ ጌታዬ። ውሃው ይመለስልኝ።»

አያ ጎሽ ውሃው ቢመለስ እንግዳው የት ሊቆም ነው ብሎ ሸንጎውን ጠየቀ። ነገሩ ከበዓሉ በኋላ እንዲታይ ተቀጠረ።

የበዓሉ ዕለት ሽመላና ባልዋ ሌላ ጨፌ ፍለጋ ሊሄዱ ተነሡ። በሜዳው ዳር ሲያልፉ ጭፈራውን አዩ። ጉሬዛ አዲስ ስልት ጨምሮበታል። ዝንጀሮዎቹ ክብ ሠርተው የሌለ ጎጆ ይዞራሉ፤ አንዴ ይንበረከካሉ፣ አንዴ ይነሣሉ። እንግዳው ያጨበጭባል። እመት ሽመላ ሐዘኗን አወቀችው።

ጉሬዛ አያትና ሮጦ መጣ። ጭፈራው መዝጊያ እንደጎደለው ነግሯት፣ ሽመላ ስትሞት እንዴት እንደምትወድቅ ከመሄዷ በፊት አንዴ ብቻ እንድታሳየው በትሕትና ለመናት።

እመት ሽመላ ወደ እሱ ዞረች።

«በሰዎች መንደር የቁም ተዝካሩን ራሱ ደግሶ የሚያበላ አለ ሲባል ሰምቻለሁ» አለችው። «ባለቤቱን ሳይጠይቁ ደግሰው የሚበሉ ጎረቤቶች ግን ያየሁት እዚህ ነው።»