ባሌ፣ አፕዴትና የአባዬ ድምፅ

ኮምፒውተር ሲለማመጠኝ አልወድም። የኛው የቤት ኮምፒውተር ግን በተከፈተ ቁጥር «አፕዴት አድርጉኝ» እያለ ይለማመጣል። ባሌ ማቴዎስ ደግሞ «በኋላ» የሚለውን ተጭኖ ያልፈዋል። የሂሳብ መምህር ነው። በር ቆልፎ መንገድ ከጀመረ በኋላ መቆለፉን ለማየት የሚመለስ ሰው ታውቃላችሁ? እሱ ነው። እኛ ባለንበት ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጃንጥላ የያዘ ሰው ካገኛችሁ ሰላም በሉልኝ።

እርግጥ የሚፈራበት ምክንያት ነበረው። ኮምፒውተሩ ላይ የአባቴ ድምፅ አለ። አባዬ ዱራሜ ነበር የሚኖረው። ከማረፉ በፊት ስለ ልጅነቱና ስለ ቤተሰቡ በከምባትኛ ሲያወራ፣ ወንድሜ ኤልያስ በስልኩ ቀዳው። ስልኩ ጠፋና ቅጂው እኛ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ቀረ። እኔ ደግሞ አባዬ ገና ጉሮሮውን ሲጠርግ እንባዬ ስለሚቀድመኝ፣ ከመጀመሪያው አልፌ ሰምቼው አላውቅም። ማቴዎስም የአፍ መፍቻው ሀዲይኛ ነው፤ ከምባትኛ አይሰማም።

ታዲያ ምን መጣ? እኔ ነርስ ነኝ፤ በኢንተርኔት የምከታተለው ስልጠና ነበር። ፈተናው ሲደርስ ገጹ አልከፈትም አለኝ። ሲስተሙ አርጅቷል፣ ይታደስ ይላል። ለማቴዎስ ብነግረው፣ የሚሠራ ነገር አይነካም አለ። ጃጁራ ያለ አንድ ወዳጁ አፕዴት አድርጎ ፕሪንተሩ እንዳኮረፈ ቀርቷል አለኝ። እኔም ስለ አንዲት ጓደኛዬ ነገርኩት። ኮምፒውተሯን ሳትነካው ኖራ ቫይረስ ገባና ፎቶዎቿን ሁሉ በላባት። አለመንካትም እኮ አደጋ ነው። አርፎ የተቀመጠ ምንም አያገኘውም ያለው ማነው?

«አደርገዋለሁ» አልኩት። «መጀመሪያ ግን የአባዬን ድምፅ ኮፒ እናድርግ።»

ባሌ ይህን ሲሰማ ነፍስ ዘራ። በፍላሽ ኮፒ አደረገ። ፍላሽ ይጠፋል ብሎ ለኤልያስ በቴሌግራም ላከ። ኤልያስ ስልክ መጣል ልማዱ ነው ብሎ አዲሎ ላሉት የአክስቴ ልጆች ጨመረ። ሆመቾ ያለችው የራሱ እህት እንኳ አልቀረችም፤ ቋንቋውን ባትሰማም ታስቀምጥልን አለ። ተው አላልኩትም። እኔም ፈርቼ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ጀመርኩ። ገና ግማሽ ሳይደርስ መብራት ጠፋ። ማቴዎስ ጥቁሩን ስክሪን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። መብራቱ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ብዙ ሲያስብ ቆየና እንደ ድሮው ሆኖ ተነሳ። አፕዴቱ አልተሳካም ይላል።

ማቴዎስ፣ እግዚአብሔር አትርፎናል፣ በቃ ተይው አለኝ። ግን ድምፁ በየሰው ስልክ ተቀምጧል፤ ፈተናው ደግሞ እኔን አይጠብቅም። ጎረቤት ሄጄ፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር የሚያቆየውን ባትሪ ተዋስኩ። አምጥቼ ሰካሁትና እንደገና ጀመርኩ።

በዚህኛው ተሳካ። ገጹም ተከፈተ። ማቴዎስ ግን የአባዬ ድምፅ አለመበላሸቱ እስከ መጨረሻው ተሰምቶ ይረጋገጥ አለ። እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም። ከፈትኩት። አለቀስኩ፤ ግን አላቆምኩትም። ወደ መጨረሻው ላይ አባዬ መሳቅ ጀመረ። እኔም እንባዬን ሳልጠርግ አብሬው ሳቅሁ።

«ምን አሉ?» አለኝ ማቴዎስ።

ስለ አንተ ነው የሚያወራው አልኩት። ማቴዎስ ሽማግሌ ልኮ ከተፈቀደለት በኋላ መጀመሪያ ቤታችን የመጣ ቀን፣ ወንበር ሲቀርብለት የወንበሩን እግሮች አንድ በአንድ ነቅንቆ ካረጋገጠ በኋላ ነው የተቀመጠው። ወንበር የሚፈራ ሰው የኔን ልጅ ለማግባት እንዴት ደፈረ ይላል አባዬ።

ማቴዎስም ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ። ስልኩን አወጣና የላከላቸውን ሰዎች ስም ማየት ጀመረ።

«ከሁሉም ላይ ማጥፋት ይቻላል?» አለኝ።

ፈተናዬን አለፍኩ። አሁን ኮምፒውተሩ አፕዴት ሲል የምጫነው እኔ ነኝ። ማቴዎስ ዱራሜ ሲሄድ ግን ዘመዶቼ ወንበር ያቀርቡና «አይዞህ፣ እኛ ሞክረነዋል» ይሉታል። እሱም አመስግኖ፣ ነቅነቅ አድርጎት ይቀመጣል።